አንገቷን የደፋች ልጅ

ባለፈው ሐሙስ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ውጭ ይዘንባል፣ መስኮት የሚከፍት የለም፣ ሰው በሰው ላይ ታጭቋል። ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ሻሻቸውን ፈታ አድርገው ሲያስሩ ከአንገታቸው አካባቢ የሞቀ የሰሊጥ ዘይት ጠረን መጣ፤ ጥቁር አዝሙድ የተቀላቀለበት። እኔም ሳላስበው ትከሻዬን ወደ ኋላ መለስ፣ አገጬን ሰብሰብ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረው ጎልማሳ ደንግጦ፣ "ምነው፣ ትራፊክ አየሽ እንዴ?" አለኝ። ሳቄ መጣ። እስከ ፒያሳ ድረስ ጠረኑ አብሮኝ ተጓዘ፤ እኔ ግን ታክሲው ውስጥ አልነበርኩም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደነበርኩበት ወደ አንድ ኅዳር ተመልሼ ነበር።

እኔ ረጅም ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆች ከኋላዬ "ባሕር ዛፏ መጣች" ሲባባሉ እሰማለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ፤ በልቤ ግን ደስ ይለኛል። ኮሪደሩን ሳቋርጥ ወገቤ አይታጠፍም፣ ሰው ሳናግር ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው። አሁን የሚያውቀኝ ሰው እንዲህ ሆኜ የተወለድኩ ይመስለዋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ያየኝ ግን ይህን ቢሰማ አያምንም፤ ያኔ ሰው የሚያየው ፊቴን ሳይሆን የራሴን ሻሽ ነበር።

ያደግኩት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች የገበሬ መንደር ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጀሪካን በጀርባዬ አዝዬ ከምንጭ ውሃ ሳመላልስ ኖርኩ። የጀሪካኑ ገመድ የሚያልፈው በደረት ላይ ስለሆነ ገመዱን በሁለት እጅ ይዞ፣ ደረትን ሰብሮ፣ መሬት መሬት እያዩ ነው የሚኬደው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ደግሞ በአንድ ክረምት ብድግ አልኩ። የመንደሩ ሴቶች "ይቺ ልጅ ጣራ ልትበሳ ነው" እያሉ ሲስቁብኝ፣ ራሴን ለማሳጠር ትከሻዬን አጥፌ አንገቴን ሰብሬ መሄድ ለመድኩ። ውሃው የጀመረውን ሐፍረቱ ጨረሰው ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ለዚህ ሁሉ የተመሰገንኩ መሆኔ ነው። በእኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ አንገቷን የደፋች ናት። የእኔ አንገት ደግሞ ተደፍቶ የቀረ ነበር። ሽማግሌ ፊት አጎነብሳለሁ፣ ሕፃን ፊትም አጎነብሳለሁ፣ ማንም በሌለበትም አጎነብሳለሁ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ሰው ሲጣላም የሚጠራ፣ ቃሉ የሚሰማ አስታራቂ ሽማግሌ ነበር። ሌላው አባት በበሬው ሲመካ አባቴ በእኔ አንገት ይመካል። "የኔ ልጅ እኮ ቀና ብላ ሰው አታይም" ይል ነበር፣ በእንግዳ ፊት፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ። እሱ እንዲህ ባለ ቁጥር እኔን ደስታው ሌላ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያደርገኛል። በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል ቀን ከሌት የሚያቃጥለኝን ነገር ለማንም አልነገርኩም። አባቴ የሚኮራበትን ነገር "ያመኛል" ብዬ እንዴት ልንገረው?

ማራኪ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ስገባ ግን ሕመሙ አብሮኝ ተመዘገበ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ባሰብኝ። ማጅራቴ ይደርቃል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ጣቶቼ እስክሪብቶ እንደያዙ ይደነዝዛሉ፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ፈተና መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረኝና ወረቀቱን ሳልጨርስ እወጣለሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ ሲያይ ቆየና፣ "አጥንትሽ ደህና ነው፤ እንቅስቃሴ አድርጊ፣ አትጎንብሺ" አለኝ። ደግ ሰው ነበር። እኔ ግን "አትጎንብሺ" የሚለውን በምን እንደምፈጽመው አላወቅኩም። ቀና ልበል ስል ከፊት በኩል አንድ ነገር ቆልፎ ይይዘኛል፤ በአጭር ገመድ የታሰረች ጥጃ የምትሆነውን ነበር የምሆነው።

የኅዳር ወር ሊጋመስ ሲል ወሰንኩ። ትምህርቱን ጥዬ ልሄድ ልብሴን ቦርሳ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ዶርም ውስጥ አብራኝ የምትኖረው ልጅ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። የጎንደር ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ አዲስ አለም በሚባለው ሰፈር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ እስላሞች ናቸው። እሷ አንድ ነገር ከወሰነች ወሰነች ነው። ተነስታ ቦርሳውን ገለበጠችውና ልብሴን መሬት ላይ አፈሰሰችው።

"አክስቴን ሳታዪ የትም አትሄጂም" አለች።

አክስቷ ወጌሻ ነበሩ። ለሴቶች ብቻ ነው የሚያሹት፤ የወለቀ ይመልሳሉ፣ የወለደች ይጠግናሉ። ልጅቷ ጎትጉታ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ እግሬ ይጎተታል። የሚያስፈራኝ ሕመሙ አልነበረም። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ወጌሻ ደግሞ በቅቤ ነው የሚያሸው፤ እኔ ደግሞ በጾም ቅቤ ገላዬን ሊነካው ቀርቶ ስሙንም አልጠራም። ይህንን ለእስላም ሴት እንዴት አድርጌ እንደምናገር ሳሰላስል በሩ ላይ ደረስን።

ቤታቸው ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ተወጥቶ ፎቅ ላይ ነው። ታች ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ይሰፋሉ፤ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ወለሉን አልፎ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሰሌን፣ ሰማያዊ የተቀባች ትንሽ መስኮት አለች፤ የከሰዓቷ ፀሐይ በዚያች መስኮት ገብታ ፍራሹ ላይ ትወድቃለች። ወጌሻዋ አጭር ሴት ናቸው፤ እጃቸው ግን ከቁመታቸው ጋር የማይሄድ፣ የወንድ እጅ የሚያህል። ከበሩ እስከ ፍራሹ ስራመድ ቆመው አዩኝ። ከዚያ፣

"ማነው ይሄን ያሸከመሽ?" አሉ።

"ምኑን?" አልኩ፣ ወደ ኋላዬ ዞሬ እያየሁ። ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ከሸክላ ሳህን ላይ ክዳን አነሱ፤ ያ ጠረን ያኔ ነው መጀመሪያ የሸተተኝ። "ሰሊጥ ነው" አሉኝ ፊቴን አይተው። "ክርስቲያኖቼ ሲጾሙ ቅቤውን አነሳዋለሁ። ተኚ፣ በጀርባሽ።" አፈርኩ። ስንቱን ነገር ሳስብ መጥቼ፣ ለካ እሳቸው ጾሜን ከእኔ ቀድመው ቆጥረውታል።

"እናቴ፣ የሚያመኝ እኮ ጀርባዬን ነው" አልኳቸው፤ በደረት ሳይሆን በጀርባ ተኚ መባሌ ግራ ገብቶኝ።

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ። "ማተብሽን ያዢልኝ።"

ማተቤን በአንድ እጄ ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ያዝኩ። "ቢስሚላህ" ብለው ከአንገቴ ሥር ባለው አጥንት ግርጌ፣ ገመዱ ስንት ዓመት ሙሉ ባለፈበት ቦታ ላይ፣ የእጃቸውን ጉልበት አሳረፉ። ይፈትጉኛል ብዬ ስጠብቅ አልፈተጉኝም። እንደሌላው ወጌሻ አጥንት አላንቋቁም። እጃቸውን ጫን አድርገው ቆዩ። ሥጋዬ ሲጠነክርባቸው ይቆያሉ፣ ላላ ሲል እሳቸውም አንድ ስንዝር የማይሞላ ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይቆያሉ። ሙቀት መጣ፤ ከሙቀቱ በኋላ ሕመም፤ ከሕመሙ በኋላ ከየት እንደመጣ ያላወቅኩት ለቅሶ።

"አልቅሺ" አሉኝ። "የሚሰማሽ የለም፤ ሁሉም ልብስ እየሰፋ ነው።"

በግ ሲገፈፍ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። የገበሬ ልጅ ናት እኮ የተኛችው፤ ገፍፌ አውቃለሁ አልኳቸው። ቆዳውን ከሥጋው ለማላቀቅ ቡጢ ሲገባ፣ መሐል ላይ ድር የመሰለች ነጭ ስስ ነገር የለችም ወይ አሉኝ፤ አዎ፣ አለች አልኳቸው። "እሷ ናት" አሉ ወጌሻዋ። "ሥጋን ሁሉ የምታለብሰው እሷ ናት። አንቺ ልጅ ሆነሽ በጎበጥሽበት ልክ ደርቃ ቀርታለች። ጀርባሽ ሊያቃናሽ እየታገለ ነው የሚታመመው፤ የያዘሽ ግን ደረትሽ ነው።" ሐኪሙ አጥንትሽ ደህና ነው ያለኝ እውነቱን ነበር። እሳቸው ደግሞ አጥንቱን ያጎበጠውን ልብስ አገኙት።

ከዚያ ወዲህ ጾሙ እስኪያልቅ ድረስ በየረቡዑ ከማራኪ አዲስ አለም ወረድኩ፤ ስኳር በፌስታል ይዤ። አንድ ቀን ደረቴን፣ አንድ ቀን የጎን አጥንቶቼን፣ አንድ ቀን ሆዴን፤ አንድ ረቡዕ ሙሉ የእግሬን መዳፍ ብቻ ሲያሹ ዋሉ። "እግሬ ምን አጠፋ?" ስላቸው፣ "ቤት ሲጣመም ከየት ነው የሚታየው?" ብለው ማሸታቸውን ቀጠሉ። የከሰዓቱ የአሱር ጸሎት አዛን ሲሰማ እጃቸውን ታጥበው ጥግ ላይ ይሰግዳሉ፤ እኔ ፍራሹ ላይ ተኝቼ ጣራውን እያየሁ የታች ቤቶቹን የስፌት መኪናዎች እሰማለሁ። ሰግደው ሲመለሱ እጃቸው ቀዝቅዞ ስለሚሆን አስቀድመው ፀሐይዋ ላይ ያሞቁታል። እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ ከዚያ በፊት በገላዬ ላይ ያዋለ ሰው አላስታውስም።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ረቡዕ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ገባልኝ። በሌላው ረቡዕ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲያቆሙኝ የጭንቅላቴ ጀርባ ግድግዳውን ነካ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ግድግዳ በጭንቅላቴ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ቅዝቃዜው ገርሞኝ ብዙ ቆምኩ። ከደረጃው ስንወርድ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቆም ብላ አየችኝና፣ "ልጅት፣ ቀሚስሽ አጠረ እኮ!" አለች። እውነቷን ነው፤ ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍን የነበረው ቀሚስ ከፍ ብሎ ካልሲዬ ይታያል። ቀሚሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የረዘምኩት።

የዚያን ሰሞን ፈተና ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ጻፍኩ። ሁሉንም ጥያቄ ሠርቼ፣ ደግሜ አይቼ፣ ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ጋር ወጣሁ። ልብሴን ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት ለዕረፍት ነበር እንጂ ለመቅረት አልነበረም።

ጥር ላይ አገር ቤት ገባሁ። ከአውቶቡሱ ስወርድ የአገራችን የወገራ ንፋስ ፊቴን መታው፤ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል፣ ውቂያ ላይ ናቸው። እናቴ ስታየኝ እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ "ሸጋ ሆንሽ! ሸጋ ሆንሽ!" እያለች ፊቴን አገላበጠችው። የአባቴን ጉልበት ዝቅ ብዬ ሳምኩ። ስነሳ ግን ቀጥ ብዬ ተነሳሁ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ተቀምጦ ስለነበር አንገቱን ብዙ ማቅናት ነበረበት። "ደህና ነሽ?" አለ። "ደህና ነኝ አባዬ" አልኩ። ሌላ ነገር አላለም። ድካም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። በአገራችን ሴት ልጅ ከአባቷ ኋላ ትሄዳለች፤ አባት ይቀድማል፣ ልጅ ትከተላለች። ድሮ ከኋላው ስሄድ የማየው ተረከዙን ነበር። ያን ቀን ግን ቆቡን በእጁ ይዞ ስለነበር የራሱ መሐል መመለጡን አየሁ። ከአባቴ በላይ ሆኜ ነበር። እኔ ገና ይህን እያሰብኩ፣ ከኋላችን የመጣ አንድ ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"አያ፣ ይቺ ልጅህ ዳኛ ሆና መጣች እንዴ?" አለ።

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት የአባቴ ጀርባ ድርቅ ሲል አየሁ። ቆቡን ራሱ ላይ አድርጎ እርምጃውን አፈጠነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። የአባቴ ኩርፊያ ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከአንድ ገበታ ቀርበን እየበላን፣ "ልጅሽ እርጎ ትፈልግ እንደሆን ጠይቂያት" ይላል ለእናቴ። እናቴም ከአጠገቧ ለተቀመጥኩት ለእኔ፣ "እርጎ ትፈልጊያለሽ ወይ ይልሻል አባትሽ" ትላለች። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን እርጎውን ሳልቀምስ እነሳ ነበር። አንድ ቀን ከጓሮ ሆኜ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። "አንገቷን ደፍታ ሄዳ ደረቷን ነፍታ መጣች። ከተማው ወሰዳት። ከእንግዲህ ተመልሳ ብትሄድ ምን ይጨመርላታል?"

አባቴ አትሄጂም ካለ አልሄድም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከመቅረቱ በላይ የቆረጠኝ ሌላው ነው። በዓለም ላይ በእኔ የሚመካ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም የሚመካው በሕመሜ ነበር፤ አሁን ዳንኩና አጣሁት።

ስለዚህ መጎበጥ ጀመርኩ። እያወቅኩ፣ ሆን ብዬ። አባቴ ሲገባ አንገቴን እሰብራለሁ፣ ውሃ ሳቀርብ ትከሻዬን አጥፋለሁ። የወጌሻዋን የስንት ረቡዕ ድካም በሦስት ቀን ላፈርሰው ተነሳሁ። ገላዬ ግን እንደ ድሮው እሺ አላለኝም፤ የቀመሰውን ቀምሷል። በሦስተኛው ቀን ማታ ያ ቃጠሎ በትከሻዎቼ መካከል ተመልሶ መጣ፤ ልቤም አብሮት ተቃጠለ። በአባቴም ተናደድኩ፣ በራሴም ተናደድኩ። የተናደደች ልጅ ደግሞ አፏን መያዝ አይሆንላትም።

በማግስቱ ጠዋት አውድማ ላይ ነበርን። ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ገብሱ ተበትኗል፣ በሬዎቹ ግን አልተነዱም። ዳልቻው በሬ ከዳር ጎብጦ ቆሟል። አንገቱን ደፍቷል፣ አያመሰኳም፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። አባቴ አጠገቡ ሄዶ ከትከሻው በስተኋላ ያለውን ቆዳ በእጁ ጨብጦ ሳብ አደረገው። ደህና በሬ ቆዳው ይሳባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የዳልቻው አልተሳበም። "ቆዳው ተጣብቆበታል" አለ አባቴ። ለእኔ አይደለም፣ ለበሬው ነው የነገረው። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ጀርባው ላይ አሳርፎ ክብደቱን ጫነና ቆየ። በሬው ሲንቀጠቀጥ ይቆያል፣ ሲላላ ትንሽ ይገፋል፣ እንደገና ይቆያል።

አፌ ክፍት ቀረ። አባቴ ወጌሻዋን አያውቃቸውም። አዲስ አለም እግሩን አንስቶ አያውቅም። እጁ ግን የሳቸው እጅ ነበር።

"አባዬ" አልኩ ከበሬው ወዲያ ማዶ ሆኜ። "ይሄ በሬ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ጨዋ ስለሆነ ነው?"

እጁ ቆመ። እንዲህ ብሎ አባቱን የሚያናግር ልጅ በእኛ ቤት አልነበረም። ጅራፉን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጅራፉ እግሩ ሥር ነበር።

"ታሞ ነው" አለ። በሳምንት ውስጥ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

"እኔም ታምሜ ነበር።"

ምን እንደተባባልን ሁሉንም አላስታውስም። ውሃውን ነገርኩት፣ ገመዱን ነገርኩት፣ ፈተናውን፣ ራጁን፣ ትምህርቱን ጥዬ ልመጣ ልብሴን እንደ ከተትኩ። ወጌሻዋን ነገርኩት፤ በጾም በሰሊጥ እንዳሹኝም አልደበቅኩትም። እሱ የጠየቀኝን ሁለት ነገር ግን አስታውሳለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከልጅነቴ።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"በአንገቴ ስትመካ እያየሁ ምን ብዬ ልንገርህ?"

በበሬው ዙሪያ ዞሮ መጣ። እጁ ላይ የበሬው ፀጉር ተጣብቋል። በሹራቤ ላይ፣ በትከሻዎቼ መካከል፣ ልክ ለዳልቻው እንዳደረገው ቆዳዬን ጨብጦ ሳብ አደረገ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሬ ነኝ እንዴ ብዬ እስቅ ነበር። ለቀቀው። ደግሞ ያዘው፣ ደግሞ ለቀቀው።

"ይሳባል" አለ።

"አሁን ይሳባል።"

ገለባው ላይ ተቀመጠ። አባቴ ሥራ ሳያልቅ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ስንት ሰው ያስታረቀ፣ ቃል የማይቸግረው ሰው ጣቶቹን እያየ፣ "አንቺ ሲያምሽ እኔ ስመካ ኖርኩ" አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንባዬን እንዳያይብኝ ወዲያ ዞርኩ፣ እሱም ወዲያ ዞሯል። የሚቃመስ ነገር ይዛ የመጣችው እናቴ ሁለታችንንም አይታ፣ "ምነው? በሬው ሞተ እንዴ?" አለች።

በሬው አልሞተም። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አሸው፤ እኔም አብሬ አሸሁት፤ ወጌሻዋ በእኔ ላይ እንዳደረጉት ሳደርግ አባቴ ቆሞ ያየኛል። "እጅሽን አታስቸኩዪው" ይለኛል። "እሳቸውም እንዲህ ነው የሚሉት" እለዋለሁ። አንድ ጊዜ የሱንም ጀርባ ልየው ብዬ ጠየቅኩት። እሱም በዕርፍና በሞፈር ጎብጧል፤ የሱ ከእኔ የባሰ ነው። ሳቀና፣ "የኔን ተዪው፤ በዚህ ነው የማርሰው" አለኝ። ያኔ ግድ ብዬው ቢሆን እላለሁ አንዳንዴ። ዛሬ ልጄ አንገቷን ስልክ ላይ ደፍታ ስትውል ሳያት ብድግ ብዬ ማጅራቷን የምይዛት በዚህ ጸጸት ጭምር ነው፤ እሷ ግን አመሌ ነው የሚመስላት።

ወደ ጎንደር የምመለስበት ቀን የገበያ ቀን ነበር። አውቶቡስ መሳፈሪያው ገበያው አጠገብ ስለሆነ አባቴ ሊሸኘኝ ተነሳ። አትሄጂም የሚለው ነገር ዳግም አልተነሳም። እሱ ዱላውን፣ እኔ ቦርሳዬን ይዘን ከቤት ወጣን። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወስደው መንገድ በሰው ተሞልቷል፤ አህያ ያስከተለ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ገብስ የተሸከመ። እንደ ልማዳችን እሱ ፊት እኔ ኋላ ሆነን ጥቂት ከሄድን በኋላ አባቴ ከመንገዱ ዳር ወጣና ቆመ። የደከመው መስሎኝ እኔም ቆምኩ።

"ቅደሚ" አለኝ።

አልገባኝም። "ምን ሆንክ አባዬ?"

"ምንም። ቅደሚ።"

ቀደምኩት። በዚያ ሁሉ አገር ሰው ፊት፣ ፀሐዩ ወጥቶ፣ አባቴን ኋላ አስቀርቼ ፊት ፊት ሄድኩ። መጀመሪያ እግሬ ይምታታብኛል፣ እርምጃዬን የት እንደማሳርፈው ይጠፋኛል። ከኋላዬ የጎማ ጫማውን ድምፅና የዱላውን ምት እሰማለሁ። እየሰማሁ እየሰማሁ ሰውነቴ ለቀቀኝ፤ ደረቴ ተከፈተ፣ ራሴ ብቻውን ከፍ አለ። ያ ዳኛ ያለኝ ጎረቤት አህያውን እየነዳ አጠገባችን ሲደርስ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም።

"አያ፣ ዛሬ ደግሞ ልጅ ናት የምትመራህ?"

"ታማብኝ ነበር" አለ አባቴ። አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ ሲናገር በሚያወጣው በዚያ ረጋ ያለ ድምፅ ነው ያለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። "ድናልኛለች። ስትሄድ ልያት ብዬ ነው።"

ጎረቤትየው "እሰይ፣ ተመስገን" ብሎ አለፈ። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ መንገዱ ደበዘዘብኝ። አባቴን ማየት ፈለግኩ። ሲያየኝ እንዴት እንደሚያየኝ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈለግኩ። አንገቴን ዘወር ሳደርግ ግን ከኋላ ድምፁ መጣ።

"አትዙሪ። እንዲሁ ሂጂ።"

አልዞርኩም። አውቶቡሱ ሊወጣ ረዳቱ እየጮኸ ስለነበር ተጣድፌ ጉልበቱን ስሜው ገባሁ፤ በመስኮት ሳየው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ገበያው እየሄደ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፣ ተመርቄ መጥቶ አይቶኛል፣ ተድሬ አይቶኛል። እንደዚያ ቀን ያለ ግን አልተደገመም፤ እሱም ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ፊቱን ሁሉ አስታውሰዋለሁ፤ ሲቆጣ፣ ሲስቅ፣ ሰው ሲያስታርቅ፣ ገለባው ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያይ። በዚያ መንገድ ላይ እያየኝ ሲሄድ የነበረውን ፊቱን ግን አላውቀውም።